የታሰረው መከለያ

ራት ሲቀርብ እጅ የማስታጥበው እኔ ነኝ። በአንድ እጄ ጆጉን፣ በሌላው ሳፋውን ይዤ ፊታቸው ጎንበስ እላለሁ። ባለቤቴ ቀኝ እጁን ብቻ ይዘረጋል። ልጄ ሁለቱንም ይዘረጋል። ውሃውን ሳፈስ ጣቶቹን አያለሁ። ልቁጠር ብዬ አይደለም፤ ዐይኔ ራሱ ሄዶ ያያቸዋል። ሁሉም አሉ። ከዚያ ሳፋውን ከበሩ ጥግ አኑሬ እቀመጣለሁ፤ ቢስሚላህ ብለን እንበላለን።

ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ነው። ሥራው ግን ኮምቦልቻ ነው። ባለቤቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ እዚያ በአንድ ሐጂ የእንጨት ሥራ ቤት አናጺ ነበር። ልጄም ጢም ካወጣ በኋላ አብሮት ገባ። ጠዋት በሚኒባስ ይወርዱ፣ አመሻሽ ላይ ይወጡ ነበር። ደሴ ብርድ ነው፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ሹራብ ለብሰው ሄደው በክንዳቸው ይዘውት ይመለሳሉ። ሹራቡን የማራግፈው እኔ ነኝ። ሰጋቱራው በእጅጌው እጥፋት ውስጥ ይገባል፤ ጓዳዬ ሁልጊዜ ባሕር ዛፍ ይሸታል።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ስለ መጋዝ የማውቀው ሁሉ ራት ላይ የሰማሁት ነው። በሌላው ቤት ወንዶች ስለ ኳስ ያወራሉ። የእኔዎቹ የሚያወሩት ስለ መጋዝ ማሽን ነበር። በእጅ ተይዞ የሚቆርጥ፣ ክብ ጥርሳም ብረት የሚሽከረከርበት ማሽን ነው። ብረቱን ዲስክ ይሉታል። ለእኔ ሁሉም አንድ ነበር። ለእነሱ ግን እንደ በቅሎና እንደ ፈረስ ይለያያል። አንዱ ከባዱን ይወዳል፣ አንዱ ቀላሉን። አንዱ ባለገመዱን፣ አንዱ ባለባትሪውን። ዲስኩ ከሞተሩ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ የሚለው ብቻ እንጀራው እስኪደርቅ ያከራክራቸዋል።

ባለቤቴ የሚወደው ከባዱን ባለገመድ ነበር። አሮጌ ነው፤ ንብረቱ የሐጂው ነው፤ ግን ከእሱ ሌላ የሚነካው ሰው አልነበረም። «ከባድ መጋዝ አትገፊውም» ይለኝ ነበር፣ እኔ ልገፋው ይመስል። «ክብደቱ ራሱ ይዞት ይሄዳል። ቀላሉ ግን ጉጥ ሲያገኝ ይዘላል።» እኔ ደግሞ በልቤ የአባቱን የእጅ መጋዝ እመርጥ ነበር። በእሱ ሲሠሩ ጉዳት ሳይመጣ ድካም ይመጣል። ይህን አንድ ቀን ብናገር ሁለቱም ሳቁብኝ።

የዚህ ማሽን ዲስክ የላይኛው ግማሽ በብረት ተሸፍኗል። ከታች ደግሞ ሌላ መከለያ አለው። የታችኛው ተንቀሳቃሽ ነው። እንጨቱ ሲገፋው ወደ ኋላ ይከፈታል፤ እንጨቱ ሲያልቅ ሞላው ስቦ ይዘጋዋል። በዚያ ሥራ ቤት ግን ማንም እንዲዘጋ አይተወውም። ከብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ከከመነዳሪው፣ ረዘም ያለ ቁራጭ ቆርጠው መከለያውን ወደ ኋላ ጎትተው ከእጀታው ጋር ያስሩታል። አዲስ ማሽን ከካርቶኑ ሲወጣ መጀመሪያ የሚደረግለት ይሄ ነው። የሚወዱት ማሽን ቢለያይም በዚህ ላይ ሁሉም አንድ ናቸው። ምክንያታቸው ባሕር ዛፉ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሙጫ አለው። ሙጫውና ሰጋቱራው መከለያው ሥር ተለጥፎ ይደርቃል፤ መከለያው ግማሽ ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ማሽኑን ከመስመሩ ያስወጣዋል። ስለዚህ ያስሩታል፣ ይረሱታል።

ባለቤቴ ለዓመታት አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ላይ ጥቁር ነገር ይዞ ይመጣ ነበር። ሳሙና አይለቀውም። የማሽን ዘይት ይመስለኝ ነበር። የዚያ ጎማ ጥቁር መሆኑን ያወቅሁት ከአደጋው በኋላ ነው።

የተቆረጠ ዕለት ለኮርኒስ የሚሆን ሞራሌ እየቆረጠ ነበር። እኔ አላየሁም፤ አብሮት የሚሠራ የኩታበር ሰው ነው የነገረኝ። ቆርጦ ጨረሰ። ማስነሻውን ለቀቀ። ማሽኑን ከጎኑ ጣውላ ላይ አስቀመጠው። ዲስኩ ገና መዞሩን አላቆመም ነበር። መከለያው ታስሯል፤ ስለዚህ ጥርሱ ጣውላውን ነከሰና ማሽኑ ወደ ኋላ ሮጠ። ግራ እጁ ጣውላው ላይ ነበር። ይሄው ነው። አልጮኸም ይላሉ። ሁለት ጣት እዚያው ቀረ። የተረፉትን ሐኪም ሰፋቸው፤ ዳኑ፤ ግን ስሜት የላቸውም።

ሰው መጥቶ ጠየቀን። «አብሽሪ» አሉኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ ቀኙ ተርፏል። የሚበላባት፣ ሰው የሚጨብጥባት እጁ ተርፋለች» አሉ። እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ። እውነታቸውን ነው። አላለቀስኩም። ሰው ሲወጣ ላልቅስ ብዬ ጓዳ ገብቼ ቆምኩ፤ አልመጣም። ሽንኩርት ስከትፍ ዐይኔ ያነባል፤ ከዚያ ወዲህ ያ ብቻ ነው።

አሁን ባለቤቴ ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ይቀመጣል። ሻይ ስሰጠው አንዳንዴ ረስቶ በግራው ይቀበለኛል። ብርጭቆው እንደሚያቃጥል አያውቅም። ቆዳው ሲቀላ እኔ ነኝ የማየው። ብርጭቆውን ወስጄ ቀኙ ላይ አኖርለታለሁ።

ሐጂው ለልጄ «ያባትህን ቦታ ያዝ» አሉት። ቦታውን ያዘ። ማሽኑንም ያዘ። ሌላ ማሽን ነበረለት፤ እሱ ግን ያንን ወደደ። ለምን ብዬ ጠየቅሁት፤ ራት በልተን ስንጨርስ ነው።

«እኔ ግራኝ ነኝ አይደል?» አለኝ።

ግራኝ ነው። ለምግብና ለሰላምታ ቀኙን ለምዷል፤ መዶሻና መጋዝ ግን የሚይዘው በግራው ነው።

«ያ ማሽን ዲስኩ በስተቀኝ ነው። በቀኙ የሚሠራ ሰው ሲይዘው ሞተሩ መስመሩን ይጋርደዋል፤ አንገቱን አስግጎ ነው የሚያየው። እኔ በግራዬ ስይዘው ግን ዲስኩ በፊቴ ነው። መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ለእኔ የተሠራ ነው፣ እማ።»

አባቱ ሰማ። ቀና አላለም።

ሳህኖቹን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ጭልፋ በግራ እጄ ያዝኩ። ቀኝ እጄን መክተፊያው ላይ አኖርኩ። ልጄ እንደሚቆም ቆምኩ። ማሽኑ በግራ ከሆነ ጣውላውን የሚይዘው ቀኝ ነው። ዲስኩም የሚያደላው ወደ ቀኙ ነው። ባለቤቴ ላይ የደረሰው ልጄ ላይ ቢደርስ የምትሄደው የሚበላባት እጁ ናት። ያኔ ሰው መጥቶ ምን እንደሚለኝ አሰብኩ። የሚሉት ነገር አላገኘሁላቸውም። ጭልፋውን አጥቤ ሰቀልኩት።

በሥራ ሰዓት ስልክ አልደውልለትም። ስልኩን ለማንሣት አንድ እጁን ይለቃል ብዬ ነው። እሱ ከደወለልኝ ደግሞ ቶሎ አላነሣም፤ ድምፁን ሳልሰማ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

አንድ ሐሙስ ምሳ ይዤ ወረድኩ። ምሳውን ጠዋት ይዞት መሄድ ይችል ነበር፤ ሰበብ ነው። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ጆሮዬ ተደፈነ። ኮምቦልቻ ስደርስ ጋቢዬን አጥፌ በክንዴ ያዝኩ። ሥራ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። የከባዱን ማሽን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ያጓራል። አልሰማሁትም። የሚሰማው ቀጭን የፉጨት ድምፅ ነው።

መብራት ጠፍቶ ነበር። ሐጂው የጣውላ ክምር ላይ ተቀምጠው ተስቢሃቸውን ይዘዋል። ልጄ ከጎናቸው ተቀምጧል። ያ የኩታበር ሰው ብቻውን በባትሪ ማሽን ይቆርጣል። ክርስቲያን ነው፤ ከባለቤቴ ጋር አብረው ነው ያረጁት።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ።

«ወአለይኩሙ ሰላም። ግቢ፣ የልጅ እናት» አሉ ሐጂው። «ያ ሰውዬ እንዴት አደረ?»

«አልሐምዱሊላህ። ሰላምታ ልኮልዎታል።»

የኩታበሩ ሰው ማሽኑን አጠፋ። «እታለም፣ በደግ ሰዓት መጣሽ። ምስክር ሁኚ። መብራት ከሄደ ጀምሮ እዚህ ቤት የሚሠራው ክርስቲያኑ ብቻ ነው።»

«ክርስቲያኑ አይደለም፣ ባትሪው ነው» አሉ ሐጂው። «እሱንም እርጥብ ባሕር ዛፍ ስጠውና እየው። እንደ ሰነፍ አህያ መሐል መንገድ ላይ ይቆምብሃል።»

«የእርስዎስ? ያ እኮ መጋዝ አይደለም ሐጂ፣ ወፍጮ ነው። ጣሪያ ላይ ይዞት የወጣ ሰው ገመዱ ጠልፎት ይወርዳል።»

«ከባድ ነገር አይንቀጠቀጥም። አንተ ቀላል የምትወደው ራስህ ቀላል ሆነህ ነው።»

ልጄ ሳቀ። «ገመድና ባትሪ ምን ያደርጋል? ዋናው ዲስኩ በየት በኩል እንዳለ ነው» አለ።

«ያ የግራኞች ወሬ ነው» አለው የኩታበሩ። «ሰው ሁሉ በቀኙ ሲሠራ አንተ ብቻ በመስታወት ውስጥ እንዳለ ሰው ትቆማለህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ እታለም? የትኛውን ትመርጫለሽ?»

ለሳቅ ነው የጠየቀኝ።

«መከለያው የሚዘጋውን» አልኩ።

ልጄ መሬት መሬት አየ። ሐጂው ተስቢሃቸውን ያዝ አደረጉ።

«እርጥብ እንጨት ላይ አይሆንም ልጄ» አሉኝ። «ይቀረቀራል። ተዘጋ ብለሽ ስታምኚው ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ከታሰረው ይብሳል።»

«ሙጫው ነው የሚያስቀረው?»

«ሙጫው ነው።»

«ሙጫ በነጭ ጋዝ ይለቃል።»

«ይለቃል። ግን ሥራ ትቶ ቁጭ ብሎ ማን ያጥበዋል?»

«እኔ» አልኩ።

«ይስጧት ሐጂ» አለ የኩታበሩ ሰው። «የታሰረ ውሻ አይነክስም ይላሉ። የታሰረ መከለያ ሲናከስ ግን በዐይናችን አይተናል።»

እንዳለው ወዲያው ደነገጠ። የሳቀ ሰው የለም። ሁላችንም ወደ ከባዱ ማሽን አየን። ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ መከለያው ወደ ኋላ ተጎትቶ በጎማው ታስሯል። ያው ጎማ ነው፤ ባለቤቴ ያሰረው። የፈታው ሰው አልነበረም።

«ነገ ጁምዓ ነው፤ ሥራ የለንም» አሉ ሐጂው። «ውሰጂው። ቅዳሜ ጠዋት ይመለስ።»

ስንመለስ ማሽኑ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ የልጄ ጭን ላይ ነበር። ሽቅቡን ስንጀምር ወደ እኔ ዞረ።

«እማ፣ ሁለተኛ እንዲህ አታድርጊ። ሰው ፊት ሕፃን አደረግሽኝ።»

«ሕፃን አይደለህም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ምንም።»

በማግስቱ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ማዳበሪያውን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁ። ልጄ መክፈቻ አምጥቶ መከለያውን ነቀለልኝና ወጣ። ጎማውን በቢላ ቆረጥኩት። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነጭ ጋዝ ውስጥ እየነከርኩ ፈተግሁ። ሙጫው ተቃጥሎ እንደ ቀለጠ ስኳር ደርቋል። ሲለቅ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ሌላም የደረቀ ነገር ነበር። ምን እንደሆነ አልተመራመርኩም፤ እሱም ለቀቀ።

ጸድቶ ሲያበቃ በጣቴ ከፍቼ ለቀቅሁት። አልተመለሰም። ከፈትኩት፣ ለቀቅሁት። እንደተከፈተ ቀረ።

«ሞላው ሞቷል» አለ ባለቤቴ ከዱካው ላይ።

ከአደጋው በኋላ ስለዚያ ማሽን ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

«ታስሮ ስለኖረ ተስቦ ቀርቷል። ፒያሳ መለዋወጫ የሚሸጥበት ይሂድ። አሮጌውን አሳያቸው በይው ለልጁ። እኩያውን ይሰጡታል።»

ልጄ ሲመለስ ነገርኩት፤ ሄዶ አመጣ። ባለቤቴ መከለያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። በቀኙ ሞላውን እየሳበ በግራው ደግፎ ያዘ። የሞላው ጫፍ ስል ነው፤ ግራ እጁን ወግቶት ደም ወጣ። አላወቀም። እስኪጨርስ ጠብቄ በሻሼ ጫፍ ጠረግሁለት። ከዚያ መከለያውን ከፍቶ ለቀቀው። ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ደግሞ ከፈተው። ጠቅ አለ። ብዙ ጊዜ እንዲያ አደረገ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም። ድምፁን ብቻ ሰማሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ማሽኑን ይዞ ሲወርድ ብሩሹንና በውሃ ፕላስቲክ የቀዳሁትን ነጭ ጋዝ ሰጠሁት። «ሥራ ስትጨርስ ጥረገው» አልኩት። «እሺ» አለ። ጠረገውም። እየጠረገ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ፕላስቲኩ ባዶ ሆኖ ይመለስልኛል፣ ሞልቼ እሰጠዋለሁ። ጣቶቹ ላይ ሰጋቱራ እንጂ ጥቁር አይታይም። የኩታበሩ ሰውም የራሱን ማሽን መከለያ ፈትቷል ብሎ ልጄ ነገረኝ። ሐጂው ግን «እስቲ እናያለን» ይላሉ አለኝ።

ክረምቱ ሲቃረብ አንድ ቤት ጣሪያው ዝናብ ሳይመጣ እንዲያልቅ ተባለ። እንጨቱ ከቦሩ ሜዳ በኩል ገና የተቆረጠ ነው። ልጄ እየመሸበት መምጣት ጀመረ። አንድ ቀን ለራት ሳስታጥበው አየሁት። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ላይ ጥቁር አለ። በሳሙና ፈተገው። አልለቀቀም።

ጆጉን ቀና አድርጌ ያዝኩ።

«ዘይት ነው» አለ።

ባለቤቴ ቀና ብሎ አየ። «ዘይት ሳሙና ይለቀዋል» አለው። «ይሄንን ስፈትግ ነው የኖርኩት።»

ልጄ እጁን አልሰበሰበም። ውሃው ከጣቶቹ ሳፋው ውስጥ ይንጠባጠባል።

«እንጨቱ እርጥብ ነው፣ አባ። በየመሐሉ እያቆምኩ ስጠርግ ሰዎቹ ቆመው ያዩኛል። ሐጂውም ያያሉ። ጣሪያው እስኪያልቅ ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ባለቤቴ። ቁጣ የለውም። የእውነትም ያውቃል።

«የምትሄደው ቀኝህ ናት» አልኩት እኔ።

«አትሄድም እማ።»

«ነገ ፍታው።»

«እሺ፣ ነገ እፈታዋለሁ።»

«ወላሂ በለኝ።»

ወላሂ አላለም። «ኢንሻአላህ» አለ።

ውሃውን አፈሰስኩለት። በላን።

በማግስቱ ጆጉንና ሳፋውን ይዤ ፊቱ ጎንበስ አልኩ። ሁለት እጆቹን ዘረጋ። ንጹሕ ናቸው። አውራ ጣቱም፣ ሌባ ጣቱም። ጥቁሩ የለም። ላመሰግን አፌን ስከፍት ሸተተኝ።

ነጭ ጋዝ ነው። እኔ የላክሁት ነው። ነጭ ጋዝ ሙጫውን ከመከለያው ላይ ያስለቅቃል። የጎማውንም ጥቁር ከጣት ላይ ያስለቅቃል። የትኛውን እንዳጠበበት ሽታው አይለይም።

«ፈታኸው?» ብዬ ብጠይቀው «አዎ» ይለኛል። ፈትቶትም ከሆነ አዎ ይለኛል፤ ሳይፈታም ከሆነ እኔ እንዳልሰጋ አዎ ይለኛል። ወደ ባለቤቴ አየሁ። እሱም ሸትቶታል። ግራ እጁን በጋቢው ውስጥ አድርጎ ተቀምጧል።

«እማ፣ ውሃው» አለ ልጄ።

አፈሰስኩለት። ሁሉም አሉ። ሳፋውን ከበሩ ጥግ አኖርኩና ራቱ ሳይቀዘቅዝ ተቀመጥኩ።